ወርቅ የጫነው መርከብ የት እንዳለ እያወቁ ለምን አያወጡትም?

ጥያቄው፦ «ኮሎምቢያ አጠገብ ሳን ሆሴ የሚባል በወርቅ የተሞላ መርከብ 600 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደተገኘ አነበብኩ። ሁለት ነገር አልገባኝም። ሳተላይት ሁሉን በሚያይበት ዘመን እንዲህ ያለ መርከብ ማግኘት ለምን ይህን ያህል ዓመት ይፈጃል? ከተገኘ በኋላስ ለምን ጎትተው አያወጡትም? በእኛ በኩል፣ ቀይ ባሕር ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይኖር ይሆን? ሙያውን መማር ለሚፈልግ ሰውስ ምን ይመክራሉ?»

መልስ፦ አንተ እያልኩ ልመልስልህ፤ የጥያቄህ ለዛ የወጣት ይመስላል። ሥራዬ የባሕር ወለል ቅኝት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምፈልገው ወርቅ አይደለም፤ የኢንተርኔት ኬብልና የጋዝ ቧንቧ የሚያልፍበትን መሬት ነው። መሣሪያው ግን አንድ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ማሽኑ አለ፤ ያውም ጥሩ ጥሩ ማሽን። ግን የት ሄዶ እንደሚፈልግ የሚነግረው ድሮ የተጻፈ ወረቀት ነው። አሮጌ መርከብን ከውሃ ማውጣት ደግሞ የራስ ምታቱ መጀመሪያ ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አይሰማም፤ ቴሌቪዥን የሚያሳየው ክሬኑን ብቻ ነዋ።

ከሳተላይቱ እንነሳ። ሳተላይት የሚያየው የባሕሩን ፊት ነው። የሬዲዮና የራዳር ሞገድ ጨው ውሃ ውስጥ ገባ ሲል ይከስማል። ስልክህ ላይ ያለው ጂፒኤስ ውሃ ሲሸፍነው ደንቆሮ ይሆናል። የፀሐይ ብርሃንም ቢሆን ከ200 ሜትር በታች እዚህ ግባ የሚባል አይደርስም። ውሃው ጥርት ያለና ጥልቀቱ ያልበዛ ከሆነ ከአውሮፕላን የሚለቀቅ ሌዘር ወለሉን ሊለካ ይችላል። ከዚያ በታች የሚያዋጣው ድምፅ ብቻ ነው። የዓለም ባሕር ወለል እስካሁን በደንብ የተለካው ሩብ ያህሉ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል። አየር ላይ ከሚሄደው ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያም ሆኖ 3,000 ሜትር ወርዶ ማሚቶው እስኪመለስ 4 ሰከንድ ይፈጃል። ከላይ ከመርከብ ሆነህ ስትለካ ደግሞ ጨረሩ እየሰፋ ነው የሚወርደው። ታች ሲደርስ አንዷ ነጥብ 50 ሜትር ገደማ ትሰፋለች። የድሮ የእንጨት መርከብ ርዝመቱ ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ወርቅ የጫነው መርከብ በካርታህ ላይ አንዲት ነጥብ ሆኖ ያልፋል፤ አንተም ሳታየው ታልፋለህ።

መፍትሔው ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚያዳምጠውን መሣሪያ፣ ሶናሩን ራሱን፣ ወደ ታች ማውረድ ነው። አንደኛው መንገድ መጎተት ነው። ቶርፔዶ የሚመስል ዕቃ በረጅም ኬብል ታስሮ ከመርከቡ ኋላ ይጎተታል። እኛ «ዓሣው» ነው የምንለው። ግራና ቀኝ ድምፅ እየለቀቀ ስለሚሄድ ሳይድ ስካን ሶናር ይባላል። 2,000 ሜትር ላይ እንዲሄድ ከፈለግክ ኬብሉ የዚያን እጥፍ ሊረዝም ይችላል። ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ነው። አንዱን መስመር ጨርሰህ ለመዞር ብቻ ሰዓታት ይሄዳሉ። ከተቻኮልክ ኬብሉ ይላላል፣ ዓሣው ይወርዳል፣ ወለሉን ይመታል። ከዚያ በኋላ ለአለቃህ የምታስረዳው አንተ ነህ።

ሁለተኛው ኬብል የሌለው፣ ራሱን ችሎ የሚዋኝ ሮቦት ነው። የሚሄድበትን መንገድ አስቀድመህ ትሞላለታለህ። ወርዶ ያያል፤ ባትሪው ከማለቁ በፊት ይመለሳል። ሳን ሆሴ በ2015 የተገኘው በዚህ ዓይነቱ ነው። ሬሙስ 6000 ይባላል፤ እስከ 6,000 ሜትር ይወርዳል።

ስክሪኑ ላይ ፎቶ አትጠብቅ። ከላይ ወደ ታች እየፈሰሰ የሚሄድ ቡናማ ምስል ነው። ጠንካራ ነገር ድምፁን መልሶ ስለሚልከው ያበራል። ከኋላው ድምፅ ያልደረሰበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይተኛል። ሥራውን የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያበራውን ሳይሆን ያንን ጥቁር ነው። አመሻሽ ላይ ጥላህ ቁመትህን እንደሚናገር፣ የሶናር ጥላም የዕቃውን ቁመት ይናገራል። ሒሳቡ የሁለተኛ ደረጃ ጂኦሜትሪ ነው። ዓሣው ከወለሉ 20 ሜትር ከፍ ብሎ ይሄዳል እንበል። ጥላው 15 ሜትር ይረዝማል። የጥላው ጫፍ ከዓሣው 100 ሜትር ይርቃል። 15ን በ20 አባዛው፣ ለ100 አካፍለው። 3 ይመጣል። ከደለሉ በላይ 3 ሜትር ብቅ ያለ ነገር አለ ማለት ነው።

ቋጥኝ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜም ቋጥኝ ነው። ከመርከብ የወደቀ ኮንቴይነር፣ የተበጠሰ መረብ፣ የዓሣ መንጋ ሳይቀር ያበራል። አሁን አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲመርጥ እየተደረገ ነው፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ አልክድም። እኔ ግን የመጨረሻውን ቃል ለሱ አልሰጥም። ትምህርቱን የወሰደው መርከብ ከሚመስሉ መርከቦች ነው። 300 ዓመት ተበልቶ የተረፈ የድንጋይና የሸክላ ክምር መርከብ አይመስልም።

ማግኔቶሜትር ስለሚባለው መሣሪያም ብዙ ሰው የተሳሳተ ግምት አለው። ወርቅ አይጠቁምም። ብር አይጠቁምም። ነሐስም አይጠቁምም፤ የሳን ሆሴ ትልልቅ መድፎች ደግሞ ነሐስ ናቸው። የሚያውቀው ብረትን ነው። መልሕቅ፣ የብረት መድፍ፣ ምስማር። እሱም ቢሆን ቅርብ ካልሆነ አይሰማም። አንድ ቶን ብረት በ10 ሜትር ርቀት የመሬትን የማግኔት ኃይል በ10 ናኖቴስላ ገደማ ያዛባል፤ ናኖቴስላ የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው። ርቀቱን እጥፍ ብታደርገው ምልክቱ በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ ስምንተኛው ይወርዳል። የመሬት ማግኔት ራሱ በአሥር ሺዎች ናኖቴስላ የሚቆጠር ስለሆነ ያቺን ትንሽ ለውጥ ለመያዝ መስመሮችህ ተጠጋግተው መሄድ አለባቸው። ሜል ፊሸር የሚባለው አሜሪካዊ በ1622 ፍሎሪዳ አጠገብ የሰጠመውን የስፔን መርከብ አቶቻን 16 ዓመት ፈልጎ በ1985 ያገኘው በዋናነት በዚህ መሣሪያ ነው። በፍለጋው መሀል ልጁንና ምራቱን በጀልባ አደጋ አጥቷል። አሸዋውን የሚገፋው በመርከቡ ሞተር በሚሽከረከሩት መቅዘፊያዎች (ፕሮፔለሮች) ላይ በገጠማቸው ትልልቅ ጠምዛዛ ቧንቧዎች ነበር። ጉድጓድ በደቂቃዎች ይቆፍራሉ። ከአሸዋው ጋር ግን ምን ምን አጠገብ ተኝቶ እንደነበረም ጠራርገው ይወስዳሉ። እኔ ያንን ዘዴ አልወደውም።

አሁን ወረቀቱ ላይ ልምጣ፤ እኔን የሚመስጠኝ ይሄኛው ነው። ፍለጋ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ሲኖርብኝ የማነሳው ኤስኤስ ሴንትራል አሜሪካን ነው። በእንፋሎት የሚሠራ፣ በጎንና በጎኑ ትልልቅ መንኮራኩር ያለው የእንጨት መርከብ ነበር። የካሊፎርኒያን ወርቅና ከወርቁ የሚመለሱ ሰዎችን ጭኖ ከፓናማ በኩል ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1857 በአውሎ ነፋስ ካሮላይና ትይዩ ሰጠመ። 425 ያህል ሰው አለቀ። ወርቁ ስላልደረሰ በዚያ ዓመት ኒውዮርክን ያመሰውን የባንኮች ቀውስ አባባሰው።

የት ሰጠመ? በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። በእጅ ያለው የሦስት መርከቦች ቃል ነው። ማሪን የተባለችው ሴቶችና ሕፃናትን አሻግራ የወሰደችው ናት። ኤል ዶራዶ አመሻሽ ላይ ተጠግታ ከካፒቴኑ ጋር ቃል የተለዋወጠችው ናት። ኤለን የተባለችው የኖርዌይ መርከብ ደግሞ ሌሊት ላይ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው የሚጮኹ ሰዎችን ያገኘችው ናት። የኤለን ካፒቴን አቅጣጫ የቀየርኩት አንድ ወፍ እየተመላለሰ ፊቴን ስለመታኝ ነው ብሎ ተናግሯል። እንዲህ ያለውን ተረት የሚመስል ነገር የሒሳብ ሰው ይጥለዋል ትል ይሆናል። አይጥለውም። መርከቧ መቼ ወደ የት እንደዞረች ስለሚናገር ይጠቅማል። ችግሩ የሦስቱ ቃል አለመግጠሙ ነው። ሁሉም ቦታቸውን የለኩት በፀሐይና በኮከብ ነው፤ አውሎ ነፋስ ውስጥ ደግሞ ፀሐይም ኮከብም እንደልብ አይገኝም።

ሎሬንስ ስቶን የሚባል የፍለጋ ሒሳብ ባለሙያ ተጠራ። የዚህ ሒሳብ ዘዴ ቀደም ሲል በ1966 ስፔን አጠገብ ባሕር ውስጥ ለወደቀው የአሜሪካ ሃይድሮጅን ቦምብና በ1968 ለጠፋው ስኮርፒዮን ሰርጓጅ መርከብ አገልግሏል። ስቶን «ማን ልክ ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ለእያንዳንዱ ምስክር ምን ያህል እንደሚታመን ክብደት ሰጠ። ነፋሱንና ማዕበሉን ጨመረ። ከዚያ ኮምፒውተሩ መርከቧን ደጋግሞ፣ ሺህ ጊዜ፣ በተለያየ ቦታ አሰጠማት። የወጣው ካርታ 3,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። አዲስ አበባን ሰባት ጊዜ ያህል ብታሰፋት ማለት ነው። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ላይ የዕድል ቁጥር ተጽፎበታል።

የዘዴው ብልሃት ምን መሰለህ? አንዱን ሳጥን ፈልገህ ብታጣ ቁጥሩን ዜሮ አታደርገውም። ሶናሩ ስቶት ሊሆን ይችላል። ትቀንሰዋለህ፤ የሌሎቹ ይጨምራል። ባዶ እጅህን የተመለስክበት ቀንም ካርታውን ያሻሽላል ማለት ነው። ቶሚ ቶምፕሰን የሚባለው መሐንዲስ ቡድኑን ይዞ በ1986 ክረምት ለ40 ቀን ያህል ሶናር ጎተተ። መጀመሪያ ያመኑበት ዒላማ ሌላ መርከብ ሆኖ ተገኘ። ምስሎቹን መልሰው አገላበጡ። በ1988 ኒሞ የተባለው ሮቦታቸው 2,200 ሜትር ያህል ወርዶ ካሜራውን ሲያበራ፣ ትልቁ የጎን መንኮራኩር ጭቃው ላይ ተጋድሞ ታየ። ወርቁም ከዚያ ብዙ አልራቀም ነበር።

ወረቀቱ ጥሩ ከሆነ ፍለጋው ምን ያህል እንደሚያጥር ለማየት ኤንዱራንስን ተመልከት። የአንታርክቲካ ተጓዡ የሻክልተን መርከብ ናት፤ በ1915 አንታርክቲካ ዌዴል ባሕር ውስጥ በረዶ ሰብሮ አሰጠማት። የመርከቧ ካፒቴን ፍራንክ ዎርስሊ በረዶ ላይ ሆኖ ቦታዋን ለክቶ ጻፈ። በ2022 ሮቦት 3,008 ሜትር ላይ ሲያገኛት ዎርስሊ ከጻፈው ነጥብ ፈቀቅ ያለችው በ4 ማይል ገደማ ነው። ያ ሰውዬ የፀሐይን ከፍታ በሚለካ የእጅ መሣሪያ፣ በሴክስታንት፣ እና በሚያዛንፍ ሰዓት ነው ይህን የሠራው! ያም ቢሆን ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2019፣ የሄደው ቡድን ሮቦቱን ራሱን በረዶ ሥር አጥቶ ተመልሷል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ እንሂድ። ለምን ጎትተው አያወጡም?

ወርቅ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ ይወጣል። ሴንትራል አሜሪካ ላይ የተሠራው ሥራ ደስ ይላል። ሳንቲሞቹ ተደራርበው እንደተከመሩ ነበሩ። በሮቦት ክንድ አንድ በአንድ ማንሳት ጊዜ ይፈጃል፤ ገጻቸውንም ይፍቃል፤ የተፋቀ ሳንቲም ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ሮቦቱ ክምሩ ላይ ፈሳሽ ሲሊኮን አፈሰሰበት። ሲሊኮኑ ውሃ ውስጥ ረግቶ ጎማ ሆነ። ክምሩን እንዳለ አንስተው ላይ ካመጡት በኋላ ጎማውን ልጠው ሳንቲሙን አወጡ።

ወርቅ ባሕር ውስጥ እንደገባ ነው የሚወጣው፤ ጨው አይነካውም። ሀብት አዳኞች ወርቅ የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ከውሃ ሲወጣ መሞት ይጀምራል። የብረት መድፍ ውስጡ ጨው ጠጥቷል፤ አውጥተህ እንዲደርቅ ብትተወው ይሰነጠቃል፣ እየተላጠ ያልቃል። ጨውን አውጥቶ ለመጨረስ መድፉ በመድኃኒት ገንዳ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየተላከበት ዓመታት መተኛት አለበት። እንጨቱ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

የእንጨቱን ጣጣ ለማየት ቫሳን ማወቅ ያስፈልጋል። የስዊድን የጦር መርከብ ናት፤ 64 መድፍ የታጠቀች። ኦገስት 10 ቀን 1628 ስቶክሆልም ወደብ ላይ በመጀመሪያ ጉዞዋ አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ሄዳ በነፋስ ጋደለች፤ ውሃ በመድፍ መስኮቶቿ ገባና ሰጠመች። 32 ሜትር ጥልቀት ብቻ ነው። በ1660ዎቹ በደወል ቅርጽ ዕቃ ውስጥ አየር ይዘው የሚወርዱ ጠላቂዎች ከ50 በላይ መድፍ አወጡባት። ከዚያ ተረሳች። አንደርስ ፍራንሴን የሚባል መሐንዲስ መዝገብ ቤት ሲያገላብጥ፣ ጀልባ ላይ ሆኖ ወለሉን ሲጎረጉር ዓመታት ፈጀ። በ1956 ገመድ ላይ አስሮ የሚጥላት ናሙና ማውጫ ጥቁር የኦክ እንጨት ቁራጭ ይዛ ወጣች። ሶናር የለ፣ ሮቦት የለ።

እንጨቱ እንዴት 300 ዓመት ቆየ? የባልቲክ ባሕር ጨው አነስተኛ ነው። መርከብ የሚበላው የባሕር ትል እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ አይኖርም። የከተማው ፍሳሽም ወደቡን ስለበከለው ኦክስጅን አልነበረም፤ ብዙ አብላይ ተሕዋስያን ሊኖሩ አልቻሉም።

ማውጣቱ እንዲህ ነበር። ጠላቂዎች ከመርከቧ ሥር ስድስት ዋሻ ቆፈሩ። ጭቃው ውስጥ፣ ድቅድቅ ጨለማ፣ ከራሳቸው በላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቶን የሚመዝን አሮጌ መርከብ። የሚቆፍሩት ኃይለኛ ውሃ በሚረጭ ቱቦ ነው። ተራ ቱቦ ቢሆን ጠላቂውን ወደ ኋላ ይገፋው ነበር። አፍንጫው ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዲረጭ ተደርጎ ስለተሠራ ግፊቱ ይጠፋፋል፤ የኋላው ውሃ የተቆፈረውን ጭቃም ይዞለት ይወጣል። በዋሻዎቹ የብረት ገመድ አሳለፉ። ገመዱን ላይ ካሉት ሁለት ተንሳፋፊ ታንኮች ጋር አሰሩ። ታንኮቹን ውሃ ሞልተው ዝቅ ያደርጓቸዋል፣ ገመዱን ያጠብቃሉ፣ ውሃውን በፓምፕ ያወጣሉ። ታንኩ ሲነሳ መርከቧም ትነሳለች። ወለሉን እስክትነካ ወደ ዳር ይጎትቷታል። እንደገና። በ1959 18 ጊዜ ተነስታ ከ32 ሜትር ወደ 16 ሜትር መጣች። ከዚያ ጠላቂዎቹ የዛጉ ምስማሮች የተዉትን ቀዳዳና የመድፍ መስኮቶቹን ሲደፍኑ ከዓመት በላይ ፈጁ። ኤፕሪል 24 ቀን 1961 ብቅ አለች።

ፊልሙ እዚህ ላይ ያልቃል። ሥራው ግን አሁን ነው የተጀመረው። ውሃ የጠጣ አሮጌ እንጨት ቅርጹን ይዞ የሚቆመው ውስጡ ባለው ውሃ ነው። ውሃው ሲተን ይጨማደዳል፣ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ በውሃው ምትክ ሌላ ነገር መግባት አለበት። የተመረጠው ፖሊኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ በቅባትና በመዋቢያ ውስጥም የሚገባ ሰም መሰል ነገር። መርከቧ ላይ ለ17 ዓመት ሲረጭ ኖረ። ከዚያ ለማድረቅ ሌላ 9 ዓመት።

አበቃ? አላበቃም። በ2000 ዝናብ የበዛበት ክረምት ነበር፤ በእርጥብ ልብሳቸው የገቡት ጎብኚዎች የሙዚየሙን እርጥበት ከፍ አደረጉት። እንጨቱ ላይ ነጭና ቢጫ ዱቄት ታየ። ሲመረመር አሲድ ነው፤ ያውም ሰልፈሪክ አሲድ። ከብክለቱ የመጣው ሰልፈር ለዘመናት እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ከምስማሮቹ የወጣው ዝገት ደግሞ አየር ሲያገኝ ሰልፈሩን ወደ አሲድ ያፋጥነዋል። ከተሕዋስያን ያዳናት ያው ቆሻሻ አሁን ከውስጥ ሊበላት ተነሳ። ከ2011 እስከ 2018 ከ5,000 በላይ የብረት ብሎኖች ወጥተው በማይዝግ ብረት ተተኩ። እርጥበቱ 55 በመቶ ላይ ተይዞ ሌት ተቀን ይጠበቃል። መርከቧ ከወጣች ከ60 ዓመት በላይ ሆናት፤ ደመወዝ የሚበሉባት ኬሚስቶች ዛሬም አሉ።

ስለዚህ «እዚያው ይቆይ» የሚለው መልስ ስንፍና አይደለም። በ2001 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነት፣ ከ100 ዓመት በላይ ውሃ ሥር የቆየ ቅርስ መጀመሪያ ባለበት መጠበቁ ይታሰብ፣ ለንግድም አይቸብቸብ ይላል። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አገጣጥሞ ወለሉን እንዳለ በኮምፒውተር መሥራት ይቻላል። አንድ ሲኒ እንኳ ሳይነካ ማጥናት ይቻላል ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡና ስለ ፍርድ ቤቱ ብዙ አልልም፤ ሕግ ሙያዬ አይደለም። ግን ሦስት ነገር ልብ በል። የሴንትራል አሜሪካው ቶምፕሰን ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ከሰሱት፣ ጠፋ፣ በ2015 ተያዘ፣ 500 ያህል የወርቅ ሳንቲም የት እንዳለ አልናገርም ብሎ ለዓመታት ታሰረ። ኦዲሴ የተባለው ኩባንያ በ2007 አትላንቲክ ውስጥ ካገኘው መርሴዲስ ከተባለ የስፔን መርከብ 600,000 ገደማ ሳንቲም አወጣ፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የስፔን የጦር መርከብ ነው ብሎ 17 ቶኑን በ2012 ወደ ማድሪድ አስመለሰው። ሳን ሆሴን ደግሞ ኮሎምቢያ የኔ ነው ትላለች፤ ስፔን የጦር መርከቤ ነው ትላለች፤ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እኔ ነኝ ቀድሜ ያገኘሁት ይላል፤ ቦሊቪያ ያሉት የቃራ ቃራ ሕዝቦች ብሩን የቆፈሩት አያቶቻችን ናቸው ይላሉ። በ1708 ሲሰጥም 600 ያህል ሰው አብሮት ሄዷል፤ መቃብርም ነው። ኮሎምቢያ በ2025 መጨረሻ አንድ መድፍ፣ አንድ ሲኒና ጥቂት ሳንቲሞች በሮቦት አውጥታለች። ለጊዜው ያ ነው።

ቀይ ባሕር። አዎ፣ አለ። ግን ቫሳን እዚያ አትጠብቅ። ቀይ ባሕር ሞቃት ነው፤ ከዓለም ባሕሮች ሁሉ እጅግ ጨዋማ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በሊትር 40 ግራም ገደማ ጨው አለው። ትሉ ይመቸዋል። የተጋለጠ እንጨት በጥቂት ዓመታት ይበላል፤ የቀረውን ኮራል ያለብሰዋል። ከምፅዋ ብዙ በማይርቀው በብላክ አሳርካ ደሴት አጠገብ በ1997 የተቆፈረው መርከብ እንዲህ ነው። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የሰጠመ ነው፤ አክሱም በአዱሊስ በኩል በምትነግድበት ዘመን ማለት ነው። የተረፈው በዋናነት ሸክላ ነው፤ ወደ ታች የሾለ፣ ጆሮ ያለው ረጅም እንስራ። የዚህ ዓይነቱ እንስራ የተተኮሰበት ምድጃ ዮርዳኖስ ውስጥ አቃባ ላይ ተገኝቷል፤ ስብርባሪው አክሱም ድረስ አለ። ለዚህ ነው ባለሙያዎች የአይላ አክሱም እንስራ የሚሉት፤ አይላ የአቃባ የድሮ ስሟ ነው። የእንስራ ክምር ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ኮራል መሀል፣ ለሶናር ቋጥኝ ነው። እንደ መድፍና መልሕቅ ያለ ብረት ስለሌለው ማግኔቶሜትርም በቀላሉ አይሰማውም። የሚያየው የጠላቂ ዓይን ነው።

የቅርቡ ታሪክ ደግሞ ብረት ነው። በኤፕሪል 1941 ጣሊያኖች ምፅዋን ለእንግሊዝ ከመልቀቃቸው በፊት መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቻቸውን ራሳቸው አሰጠሙ፤ ወደቡን ለመድፈን። በ1942 ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን መጣ። ትልቁን መጠገኛ እንግሊዞች የማይሆን ነው ብለው ትተውት ነበር፤ ወለሉ በቦምብ ተበሳስቷል። እሱ ቀዳዳውን ሲደፍን አልዋለም። የላይኛውን ክፍል አሽጎ የታመቀ አየር ላከበት። አየሩ ውሃውን በዚያው በታችኛው ቀዳዳ ገፍቶ አስወጣው። ግዙፉ ዕቃ በሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ተንሳፈፈ። በዚያ የምፅዋ ሙቀት! ወደ ላይ ሱዳን ወደብ ብትሄድ ደግሞ ኡምብሪያ አለች። ጣሊያን ጦርነት ባወጀችበት ዕለት፣ ጁን 10 ቀን 1940፣ ካፒቴኗ ራሱ ያሰጠማት። 360,000 ያህል ቦምብና ሦስት የፊያት መኪና ጭናለች። መኪኖቹ እስከ ዛሬ ሆዷ ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል፤ ቦምቡም አለ። እሷን እናውጣ የሚል ጤነኛ ሰው አላየሁም።

ሙያውን ለመማር ካሰብክ ሦስት በር አለ። ቅየሳ ወይም ጂኦማቲክስ ከተማርክ ሃይድሮግራፊ፣ የውሃ ሥር ቅየሳ ማለት ነው፣ ብዙ አይርቅህም፤ የኔ መንገድ ያ ነው። ኤሌክትሪካል ወይም ሜካኒካል ከሆንክ ባሕር ዳር ያለው የባሕረኞች ማሠልጠኛ መርከብ ላይ ያስወጣሃል፤ ዊንችና ኬብል የሚጠግን ሰው ቅኝት መርከብ ላይ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ኬሚስትሪ ወይም አርኪዮሎጂ ከሆነ ደግሞ ወደ ጥበቃው ግባ፤ ሰው የሚያጥረው እዚያ ነው። ዋና አለመቻል አያስፈራህ። ከማውቃቸው ጎበዝ የሶናር አንባቢዎች አንዱ ውሃ እስከ ጉልበቱ ሲደርስ የሚጮህ ሰው ነው።